ዝናብ ሽቅብ የዘነበበት ቦርሳ

አራት ዓመት ሙሉ የቦርሳ ማንገቻ ብቻ ስትሰፋ ስሟ ራሱ «ማንገቻ» ሆኖ ቀረ። ልቧ ግን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቆራጭ ልሁን ባለች ቁጥር የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ «ቆይ እስቲ» ይሏታል፤ ጠረጴዛውን ሠላሳ ዓመት የያዙት ጋሼ መቀስ ደግሞ ይስቁባታል።

ያን ሰሞን አንድ የሙዚየም ሱቅ ስድሳ የሸራ ቦርሳ አዘዘ። ሸራው ላይ የታተመው የጃፓኖች የጥንት ሥዕል ነው፤ እንጨት ላይ ቀርጸው፣ ቀለም ቀብተው፣ ወረቀት ላይ የሚያትሙት ዓይነት። ድልድይ አለ፣ ጃንጥላ የያዙ ሰዎች አሉ፣ እንደ ክር የቀጠነ ዝናብ ይወርዳል። ሲያምር ለጉድ ነው!

ጋሼ መቀስ እንደ ልማዳቸው ቆረጡት፤ አንዱን ረጅም ሸራ ከታች አጥፎ ጎንና ጎኑን መስፋት ነው። አበባ ለታተመበት ጨርቅ ይሄ ምንም አይል፤ አበባ ቢገለበጥም አበባ ነው። ማንገቻ ግን ሥዕሉን አይታ፣ «ጋሼ፣ ሲታጠፍ ጀርባው አይገለበጥም?» ብትላቸው፣ «አንቺ ማንገቻሽን ስፊ!» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ጉዱ የፈላው ስድሳውም ተቆርጦ የመጀመሪያው ሲሰፋ ነው። ፊቱ እሰየው ነው፤ ጀርባው ላይ ግን ሰዎቹ በአናታቸው ድልድይ ይሻገራሉ፣ ዝናቡም ሽቅብ ይዘንባል! ሌላ ሸራ የለ፤ ከሙዚየሙ ሱቅ ያዘዘችው ደንበኛ ደግሞ በማግስቱ ትመጣለች። እትዬ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ጋሼ መቀስ ኩም ብለው ቀሩ።

«እትዬ፣ ለእኔ ይስጡኝ» አለች ማንገቻ። «ካወጣሁት ግን ከዛሬ ወዲያ ቆራጭ ነኝ።»

«አንቺ ብቻ አውጪን!»

ሸራውን እጥፉ ላይ ለሁለት ቆረጠችው። የጀርባውን ቁራጭ አዙራ ቀጥ አደረገችውና ታቹን ሰፋችው። ሰዎቹ በእግራቸው ቆሙ። ይሄኔ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ቁራጩ ሲዞር ለአፉ መታጠፊያ የተተወው ትርፍ ጨርቅ አብሮ ታች ወርዶ፣ አፉ የሚታጠፍ አጥቶ ሊተረተር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና የምታውቀውን የማንገቻ ጥብጣብ፣ ሰማያዊውን፣ ብድግ አድርጋ የቦርሳውን አፍ ዙሪያውን ከፈፈችበት። ከዚያማ የቤቱ ሰው በሙሉ እሷ እንዳለችው ስድሳውንም ሰፋ።

በማግስቱ ደንበኛዋ አንዱን ቦርሳ አንስታ አገላበጠችው።

«ይሄ ሰማያዊ ከፈፍ ትእዛዙ ላይ አልነበረም» አለች ሴትየዋ። እትዬ ሊያስረዱ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ «ሥዕሉን እንዴት አድርጎ እንዳደመቀው! ሌላ መቶ ሃምሳ ሥሩልኝ። ለመሆኑ ማን ነው ያሰበው?» ብላ ጠየቀች።

ጋሼ መቀስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷ ናት» አሉ ወደ ማንገቻ እያመለከቱ። «እኔማ አበላሽቼው ነበር።»

እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ! ማንገቻ የምትሆነውን አጣች፤ ሳቁም እንባውም ባንዴ መጣባት። አዲሱ ሸራ እንደደረሰም እትዬ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው «በይ ጀምሪ» አሏት። ትልቁን መቀስ አነሳች። ጋሼ መቀስም ከጠረጴዛው ወዲያ ዞሩና፣ ሸራው እንዳይንሸራተትባት ጫፉን ያዙላት።