ከዕድሜዬ የቀነስኳቸው ስድስት ዓመታት

በ1958 ዓ.ም. ጥር ላይ ቡሬ የወረድኩት ክፉ ወሬ ይዤ ነው። የቅኔ መምህሬ መሪጌታ ወልደ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲያችን ገብተው ግእዝ እንዲያስተምሩ አልተፈቀደላቸውም። ከሦስት ወር በፊት ደግሞ «ነገሩ አልቋል፣ ይዘጋጁ» ብዬ የጻፍኩላቸው እኔው ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የብዕር ወለምታማ የባሰ ነው።

ያኔ ምክትል ሬጅስትራር ነበርኩ። ደብዳቤውን ከላክሁ በኋላ ጉባኤያችን የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች እንዲያውቁን ብሎ ምስክር ወረቀት የሌለው ሁሉ እንዳያስተምር ወሰነ። መጀመሪያ እጁን ያወጣውም ይኸው የሚያወራችሁ ሰውዬ ነው። ዓለም አቀፍ መሆን ማለት ለእኔ ፈረንጅ አይቶ የማይስቅበት ወረቀት ነበር።

ግቢያቸው ስደርስ የተማሪዎቹ ጎጆዎች ባዶ ናቸው። የኔታ ተማሪዎቻቸውን ለሌላ መምህር አስረክበው፣ ጓዛቸውን አስረው ይጠብቁኛል።

እያፈርኩ ነገርኳቸው። የቅኔ ቤት ምስክር የመምህር ቃል እንጂ ወረቀት እንዳልሆነ፣ የእሳቸው መምህርም ከሞቱ ብዙ ዓመት እንዳለፋቸው በእርጋታ መለሱልኝ። አንዲት ቀዳዳ ግን ነበረች፤ ከውጭ አገር በዲግሪ የተመለሰ የቀድሞ ተማሪያቸው ቅጽ ሞልቶ ከመሰከረላቸው ይበቃል። ሌላ ሰው ይጠሩልኛል ብዬ ተስፋ በማድረግ ቅጹን አወጣሁ።

«እንግዲያ አንተ አለህልኝ አይደል» አሉ። «ስድስት ዓመት ከእግሬ ሥር ተቀምጠኻል። መስክርልኝ።»

ብዕሩ እጄ ላይ ቀረ። ውጭ አገር ለመማር ስመዘገብ ዕድሜዬ አልፎ ስለነበር ስድስት ዓመት ቀንሻለሁ፤ የቀነስኩትም የቅኔ ቤቱን ዘመን ነው። እዚህ ተምሬአለሁ ብዬ ከፈረምኩ ዲግሪዬም ሹመቴም አፈር በላ። ይህን ልነግራቸው አልደፈርኩም። ፈራሁ። ላስብበት አልኩ።

የኔታ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ቅጹን ከእጄ ወስደው፣ ጥቂት ጽፈውበት፣ አጥፈው መለሱልኝ። አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ አሳሰቡኝና ወደ ባለቤታቸው ወደ እህተ ማርያም ዞሩ።

«ጓዙን ፍቺው» አሏቸው።

አውቶቡሱ ደምበጫ ሲቆም ቅጹን ገለጥኩት። የአመልካቹ ስም የሚጻፍበት ላይ ያሰፈሩት የእኔን ስም ነው። ምስክር በሚለው መስመር ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ክንፈሚካኤልን ስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ጎበዝ ነበር። ወልደ ሥላሴ።»

ሰኞ ጉባኤው ተቀመጠ። ሰብሳቢው ለመሪጌታው ምስክር ተገኝቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቅጹ በደረት ኪሴ ነበር።

አልተገኘም አልኩ።