የቢቸናዋ የጡት ልጅ

እስከዳር ስትናደድ ድምጿ ቢቸና ገበያ ድረስ ይሰማል እያሉ ያሙኛል። ይሰማ! ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ከመናደድ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባን ገና በጠዋቱ ተኩስ ተጀመረ፣ በሩ ተቆለፈ። እኔና ማናለሽ ይኸው እዚያው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ አረጀን።

ማናለሽ ጎረቤቴም ጓደኛዬም ናት። እናቷ የሞተችባት ገና አፏን ሳትፈታ ነው። አባቷ ጋሽ ባዘዘው እህል ነጋዴ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስናደድባቸውም ይህን አልክድም። ተኩስ በሰሙ ቁጥር ግን ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነው የሚያርፈው። «እኔ ዛሬ ብሞት ይህቺ ልጅ ማን አላት?» ይላሉ። ስለዚህ ከሞጣ ሽማግሌ ሲላክባቸው እንደ ምሕረት ቆጥረው እሺ አሉ። አግቢው ሽታሁን የሚባል፣ ሞጣ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያለው ሰው ነው።

ማናለሽ አላለቀሰችም። «ሞጣ ትምህርት ተጀምሯል አሉ» አለችኝ ብቻ።

ደሜ ፈላ። «አግብተሽ ልትማሪ? አንቺ ሞኝ! በዓመቱ አዝለሽ ነው የምትገኚው!»

የሽታሁን እናት እትዬ አምሳለች ልጅቷን ሊያዩ፣ የሠርጉንም ቀን ሊያስቆርጡ ከሞጣ መጡና እነማናለሽ ቤት አረፉ። በማግስቱ መንገድ ተዘጋ። እንዳይሄዱ መኪና የለ፣ እንዳይደውሉ ኔትወርክ የለ። በዚህ ላይ ትኩሳት ጣላቸው። ባጃጅ እንኳ በጠፋበት ቀን ማናለሽ ነጠላዋን አሸርጣ አዘለቻቸውና ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። እኔ ጫማቸውን ይዤ ከኋላ እከተላለሁ። ልጅ ታዝያለሽ ብያት ነበር፤ ጭራሽ አማቷን አዘለች!

ታይፎይድ ነው ተባለ። መድኃኒቱን በሰዓቱ እየሰጠች፣ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሰች፣ ካጠገባቸው አልጠፋ አለች። እኔ አንጀቴ ቢቃጠልም ሠርጉን የሚያስቀረው ዘዴ የመጣልኝ ያን ጊዜ ነው። አያቴ የጡት ወንድም ነበራቸው። በእኛ አገር ማር የተቀባ ጡት በሽማግሌ ፊት የጠባ ሰው ልጅ ነው፤ ከማኅፀን ከወጣው አይለይም። የጡት ወንድሟን ያገባች ሴት ደግሞ ወንድሟን አገባች፤ ጉድ ነው፣ አይደረግም። ለማናለሽ ሹክ አልኳት።

እትዬ አምሳለች ቀና ብለው ፀሐይ መሞቅ በጀመሩበት ቀን እጇን ያዟት። «እናቴ እንኳ እንዲህ አላስታመመችኝም፣ ልጄ። እስቲ ምን ላድርግልሽ? ለሠርግሽ ያማረሽን ጠይቂኝ።»

በክርኔ ጎሸም አደረግኋት።

«የጡት ልጅዎ ያድርጉኝ» አለች።

እትዬ አምሳለች ሞኝ አይደሉም፤ ወዲያው ገባቸው። ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄን ናቅሽው?»

«ኧረ በማርያም! እሳቸውን መች አወቅኋቸውና? መማር ነው የምፈልገው፣ እትዬ። ደግሞ... እማ ብዬ የምጠራው ሰው ኖሮኝ አያውቅም።»

ይህኛው ከዘዴያችን ውስጥ አልነበረም። አንገቷን ደፍታ ስትንሰቀሰቅ የራሴ ብልጠት አሳፈረኝ። እሳቸው ግን እጇን ለቀቁና ወደ ግድግዳው ዞሩ። አለቀልን አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ተሰበሰቡ። አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ጸሎት አድርገው ሊቀመጡ ሲሉ እትዬ አምሳለች ከአልጋቸው ተነሥተው መጡ። ሁሉንም አልፈው እኔን አዩኝ።

«አንቺ አፈኛ፣ እናንተ ቤት ማር አይጠፋም። አምጪ።»

እንዴት እንደበረርኩ! ስመለስ ማናለሽ እግራቸው ሥር ተንበርክካለች። ነጠላቸውን አለበሷትና ማሩን ቀቡ። «የሰማይ አምላክ፣ እናንተም ሽማግሌዎች፣ ምስክሬ ሁኑ» አሉ። ማናለሽ ከነጠላው ሥር ጠባች።

ጋሽ ባዘዘው ዘለው ተነሡ። «ምን እያደረጉ ነው? ሠርጉስ?»

«የምን ሠርግ? ልጄን ለልጄ ልድር እንዴ!»

አባ ኃይለ ጊዮርጊስ ጢማቸውን ይዘው ወደ መሬት አዩ፤ ሳቅ እየታገላቸው እንደሆነ እኔ አውቄያለሁ። ጋሽ ባዘዘው ተመልሰው ተቀመጡና ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ትልቅ ሰው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

«ታዲያ እኔ ብሞትስ?» አሉ ከጋቢው ውስጥ።

«እናት አላት» አሉ እትዬ አምሳለች።

መንገዱ ሲከፈት ይዘዋት ሄዱ። ሽታሁን ሰንብቶ ነው የለዘበው አሉ፤ ግን ደብተርና ቦርሳ የገዛላት እሱ ነው። ትናንት ኔትወርክ ብልጭ ሲል ደወለችልኝ። ከትምህርት ቤት መመለሷ ነው። «እማ! እማ! እስከዳር ናት!» ብላ ስትጮህ ሰማኋትና ስልኩን ይዤ ተንሰቀሰቅሁ። ካንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

እትዬ አምሳለች ስልኩን ተቀበሏት። «አንቺ አፈኛ፣ ልጄን ሚስት አሳጣሽው። ላንቺ ሽማግሌ ልልክብሽ ነው!»

የእኛ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ እንደተቆለፈ ነው።

«ሽማግሌውን ይተዉትና እርስዎ ራስዎ ይምጡ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ማሩን አልጨረስነውም።»

ከት ብለው ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።