የሦስተኛው ቀን ገንፎ

«ጾመኞች ነን» አለ ሽበታሙ እንግዳ፣ ገበታውን በጣቱ ጫፍ ራቅ እያደረገ።

ጣሂራ ገበታውን አላነሳችም። ባሏ ብኸይታ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ሰደቃው የሚበላበት ቀን። ሮቃው ዛፍ ሥር፣ ከአሶሳ በታች ካሉት መንደሮች ሁሉ የመጣው ለቀስተኛ በቀርከሃ ምንጣፍ ላይ ከቦ ተቀምጦ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ይበላል። የማይበሉት እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው። ፋቲሓውን ከሰው ጋር አድርሰዋል፣ «አላህ ይርሐመው» ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ዓይናቸው ከልጆቹ ላይ አልተነሳም።

«ከብኸይታ ጋር አብረን የተዋጋን ነን» ብለው ነበር ሲገቡ። ለቅሶ የመጣን ሰው ከየት ነህ ማለት ነውር ስለሆነ ማንም አልጠየቃቸውም። ደግሞስ ከብኸይታ ጋር ያልተዋጋ ማን አለ? በጎልማሳነቱ ከደርቡሾቹ ጋር ተታኩሷል። ከሦስት ዓመት በፊት የደጋው ጦር ሲመጣ ደግሞ ስድሳውን አልፎ ሳለ ጦሩን ይዞ ኮረብታ ወጣ፤ ጭኑ ውስጥ ጥይት ተሸክሞ ተመለሰ። የልጅ ልጆቹን አንገቱ ላይ አስቀምጦ ሲያነክስ «ግመሉ መጣ» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም እንደ ግመል ያጉረመርምላቸዋል።

ጣሂራ ከሽበታሙ ቀጥሎ የተቀመጠውን አየች። ከታችኛው ከንፈሩ ሥር ትምባሆ ወትፏል። ጾመኛ ትምባሆ አይዝም።

በዚህ አገር የሐዘን ገንፎ ቀልድ አያውቅም። የሟቹን ሰደቃ የቀመሰ ሰው በዚያ ቤት ላይ ክፉ አያስብም፤ ከሟቹም ጋር ቂም ካለው በጉርሻው ይቅር እንዳለ ይቆጠራል። ይህን ደጉም ክፉውም ያውቃል። ክፉው ስለሚያውቅ ነው የማይበላው።

እሷም እስካሁን አልቀመሰችም። ጠዋት ልጇ ኢቲዳል ሁለት ጊዜ አቅርባላት «ቆይ» ብላ መልሳታለች። ሴቶቹ ከምድጃው ዳር ይህን እያነሱ ይንሾካሾካሉ።

«እህል አልቀመሰች፣ እንባ አላወጣች» ትላለች አንዷ።

«እንዲያ ያለ ባል ሞቶባት! አንድ ቀን እጁን ያላነሳባትን ሰው።»

ጣሂራ ትሰማለች። ምን ብላ ትንገራቸው?

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። የአባቷ ሦስተኛ ቀን ነበር፣ ገንፎውም ይኸው ገንፎ። ሰባት ሰዎች መጥተው ከዳር ተቀመጡና «ጾመኞች ነን» አሉ። እናቷ ከሁሉም ለሚያንሰው ለአንድ ጎረምሳ በእጇ ጠቅልላ ዘረጋችለት። አለቃው እያየው ጎረሰ። ብዙም ሳይቆይ ሰው የሚያስሩበት ገመድ ወጣ። በጩኸቱ መሀል ያ ጎረምሳ ጣሂራን አንጠልጥሎ ባዶ ጎተራ ውስጥ ከተታትና ክዳኑ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ ምንም የለም» ሲል ድምፁን ሰምታለች። እናቷንና ሁለት ወንድሞቿን በወንዙ መሻገሪያ ነዷቸው፤ ከዚያ በኋላ የት እንደተሸጡ የሰማ የለም።

ጎረምሳው በአራተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ። ስሙ ብኸይታ ነበር።

እዚህ አክስቱ ዘንድ አመጣት፣ አድጋ አገባችው፣ ስድስት ወለደችለት። ልጆቿን «ወገኖቼ በፈንጣጣ አለቁ» እያለች አሳደገች። ብኸይታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ወደ ታችኛው መሻገሪያ ወርዶ ዱካ ሳያይ ቁርስ አይቀምስም ነበር። ሰዉ «ሽማግሌው ዱካ ሊያጭድ ሄደ» እያለ ያሾፍበታል። ለምን እንደሚሄድ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ጊዜ፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ረጀብ በተወለደ ሰሞን፣ «ያን ቀን ለምን በላህ?» አለችው።

«ርቦኝ ነበራ» አለና ሳቀ።

ከአርባ ዓመት በላይ ያ መልስ እንደ እሾህ ተሰክቶባት ኖሯል። ወዳዋለች፣ ደግማ ግን አልጠየቀችውም። የእኔ ነፍስ የተረፈችው በአንድ ጎረምሳ ረሃብ ነው፤ ባይርበው ኖሮ እሱም ገመዱን ይይዝ ነበር፤ ይህን እያሰበች አብራው አረጀች። እንባዋንም የያዘባት ይኸው ነው።

አሁን የእንግዶቹን ጫማ አየች። ጥቁር ጭቃ ይዟል፣ ገና እርጥብ። በዚህ በጋ ጭቃ ያለው በታችኛው መሻገሪያ ብቻ ነው። ብኸይታ ከሞተ ሦስት ቀን፣ መሻገሪያውን የጎበኘ የለም። አራት ሰው ብቻውን ለዚህ ሥራ አይመጣም፤ የቀሩት እዚያ ናቸው።

«ኢቲዳል!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የአባትሽ ልብስ ሳይታጠብ ሊቀር ነው? ደንቡን ረሳችሁት? በሦስተኛው ቀን ሴቱም ልጁም አንድ ሳይቀር ወደ ላይኛው ምንጭ ወጥቶ ያጥባል።»

ኢቲዳል አፏን ከፈተች። እንዲህ ያለ ደንብ የለም። የአባቷን ልብስ በመጀመሪያው ቀን አጥባ ለገናዦቹ የሰጠችው ራሷ ናት።

«አንድ ሳይቀር» አለች ጣሂራ ቀስ ብላ። «ደንባችን አይደል?»

ከምድጃው ዳር ስታማት የነበረችው አሮጊት ብድግ አለች። «ነው እንጂ። ሐዘኑ አስረሳን» አለችና የራሷን ሻሽ ፈትታ በእጇ ጠቀለለችው። ሌሎቹም ያገኙትን ጨርቅ እያነሱ፣ ሕፃናቱን እያዘሉ፣ ሳይሮጡ ወደ ቀርከሃው ጫካ ወጡ።

ረጀብ እናቱ አጠገብ በርከክ አለ። «እማ፣ የምን ልብስ ነው?»

«አባትህ ጠዋት ጠዋት የሚሄድበት ሦስት ቀን ማንም አልሄደም። ጫማቸውን እይ።»

አየ። ውሃ ሊያመጣ እንደሚሄድ ሰው ተነሳና ወንዶቹ መሀል እየዞረ ጎንበስ ጎንበስ አለ። አንድ በአንድ እየተነሱ ጦሮቻቸው ወደተደገፉበት አጥር ተጠጉ።

«ሴቶቹ ዘገዩ፣ እናታችን» አለ ሽበታሙ።

«ልብሱ ብዙ ነው። ረጅም ዕድሜ ነው የኖረው።»

ከዚያ ጣሂራ ከገበታው ቆርሳ በመዳፏ ጠቀለለች፤ ከአራቱ ለሚያንሰው፣ ጢሙ ገና ላልሞላው ልጅ ዘረጋችለት። ከንፈሩ በረሃብ ደርቋል። ሲገባ ጀምሮ ዓይኑ ገንፎው ላይ ነበር። እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሳ።

ሽበታሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

የልጁ እጅ ወደ ጉልበቱ ተመለሰ። አንገቱን ደፋ።

ሽበታሙ ባዶውን ግቢ አየ፣ በአጥሩ ዳር ጦር የያዙትን ወንዶች አየ። «እንግዲህ አላህ ያጽናችሁ» አለና ተነሳ። ሦስቱ ተከተሉት። ረጀብና ወንዶቹ እስከ መታጠፊያው ሸኟቸው። ነገ ከነገ ወዲያ እንደሚመለሱ ሁሉም ያውቃል፤ ከዛሬ ጀምሮ መሻገሪያው ላይ ሰው ያድራል።

ጣሂራ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ያ ልጅ ርቦት ነበር፣ ሲርበው በዓይኗ አይታለች። ግን አልበላም። በአለቃ ዓይን ፊት ረሃብ ብቻውን ሰውን አያስጎርስም።

ያኔ ብኸይታ «ርቦኝ ነበራ» ብሎ ሳቀ፤ እሷም አመነችው።

መዳፏ ላይ ገንፎው ቀዝቅዟል። ከጎኗ፣ ብኸይታ ጭኑን እያሻሸ ይቀመጥበት የነበረውን የምንጣፉን ጥግ በግራ እጇ ዳሰሰች። እንባዋ ወረደ። ከዚያ ጉርሻውን ወደ አፏ ወሰደችና ቀስ ብላ አላምጣ ዋጠችው።