ጀልባዋን ዝም ያሰኛት ሰው

እና ደግሞ ለምን በነጻ፣ ሰው ለገዛ ወንድሙ አንዲት ብሎን በነጻ በማያጠብቅበት ዘመን፣ የሚስቴ ወንድም ጋራዡን ዘግቶ ሁለት ቀን ሙሉ ጀልባዬ ውስጥ ተደፍቶ ዋለ፣ ጋሼ አንተ ብቻ ቁጭ በል፣ ወጪ የለውም፣ ሁሉም ከወዳደቀ ዕቃ ነው እያለ። ቁጭ አልኩ። ቁጭ ብዬ እጁን አየሁ። በሞተሩ በአራቱም እግር ስር የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ከተተ፣ የላላውን አጠበቀ፣ ከተጣለ ሚኒባስ የፈታውን ድምፅ ማፈኛ ማርሚታ ጭስ ማውጫው ላይ በየደ፣ ኮፈኑን ከውስጥ በወፍራም ምንጣፍ ለበጠው፣ አየር የምትስብበትን ቀዳዳ ብቻ ተወላት። ጎበዝ ነው፣ ይሄን አልክድም፣ ጎበዝ ሌባም አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት ስትጮህ የኖረች ጀልባ ዛሬ ዝም ብትል ለማን ነው የሚጠቅመው። ለሚስቴ። እስቲ አንድ ቀን እንኳ እየተጫወትን እንሻገር ያለችው እሷ ናት። የምን ጨዋታ፣ ከኔ ጋር መጫወት ካቆመች ስንት ወሯ፣ ቤቱ ሁሉ ሹክሹክታ ሆኗል፣ በሩን ስከፍት እህትና ወንድም አፍ ለአፍ ገጥመው፣ ምንድነው ስላቸው፣ ምንም። ምንም ግማሽ ሰዓት አይወራም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ግን ገብቶኛል፣ አንተ እረፍ፣ ወንድሜ ይንዳት ብላ ጀምራኛለች፣ ያ አሸዋ ጫኝ ባለጀልባ ሊገጨኝ ከደረሰበት ቀን ወዲህ ነው የባሰባት። ጡሩንባ ነፋሁ ይላል፣ ውሸታም፣ ሐይቁ መሃል ድፍን ጀልባ አሸዋ ጭኖ ሹልክ ብሎ ይመጣና ነፋሁ።

ይኸው ዛሬ የመጀመሪያው ጉዞ፣ ስምንት መንገደኛ፣ ሚስቴ ከፊት፣ ወንድሟ ከጎኔ፣ ለምን ከጎኔ፣ መሪውን ለመልመድ ነዋ። ሁሉም ያወራል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ወደኔ ያዩና ይንቀሳቀሳል፣ በጩኸቱ ጊዜ ቢያንስ ማንም አያማኝም ነበር። ከፊት የዓሣ መረብ ተንሳፍፎ አየሁ፣ ነዳጅ ቀነስ አደርጋለሁ፣

ጸጥ።

ጠፋች። አላልኩም ነበር፣ ምንጣፉ አንቋት ነው፣ ወይ ሆን ብሎ ነው፣ በሰው ፊት መሃል ላይ እንድቆም፣ አየሽ እህቴ ጋሼ አልቻለም እንዲል፣ መሪውን አልሰጥህም፣ ቁልፉን ይዤ እጠመዝዛለሁ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እጄ ላይ የሆነ ነገር ይፋጫል፣ መንገደኛው በሙሉ ጆሮውን ይይዛል፣ አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ምን ሆነው ነው፣ ወንድሟ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ እጄን ጎትቶ ኮፈኑ ላይ ያስቀምጠዋል።

ይንቀጠቀጣል። ኮፈኑ በመዳፌ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላችንም ውሃው ይፈላል። እየሠራች ነው።

የሚሠራ ሞተር ላይ ቁልፍ አዞርኩ፣ እኔ፣ ጀማሪ እንኳ የማያደርገውን፣ የማስነሻው ጥርስ ሲፋጭ አገር ይሰማል፣ አገር ሰምቷል። ምን ታንሾካሹካላችሁ እላለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ ግን ሰዉ ሁሉ ደንግጦ ይዞራል፣ ከመረቡ ወዲያ ያለው ዓሣ አጥማጅ ሳይቀር ቀና ይላል። ሚስቴ በመንገደኛው መሃል ተሻግራ ትመጣለች፣ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ አፏን ጆሮዬ ውስጥ ልትከተው ትደርሳለች፣ የአንገቷ ሥር ተገታትሯል፣ እየጮኸች ነው፣ ድምፅዋ ግን ከሩቅ ክፍል እንደሚመጣ ነው የሚደርሰኝ፣ አላንሾካሾክንም፣ ፈርተን ነው እንጂ፣ የጆሮህን ነገር እንዴት እንንገርህ።

አፈርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኔን የተከልኩበት ያ እጅ አሁን መሪው ላይ ነው፣ መቼ እንደሰጠሁት አላውቅም፣ መረቡን በቀኝ በኩል አልፎ ይሄዳል፣ ጥሩ ይነዳል።

ያ አሸዋ ጫኝ ለካ ጡሩንባውን ነፍቶ ኖሯል።