ከቅዳሴ በኋላ ያለችው ሰዓት

እሺ ልበላቸው ወይስ አይሆንም፣ ጋሽ ኢሳያስ ደጅ ቆሞ መልሴን ይጠብቃል፣ የእድሩ ዳኛ ነው፣ ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ይዘው ጭቃው ላይ ቆመዋል፣ እትዬ በዛወርቅ ይወስኑልን እንጂ ቀኑ መሸ ይለኛል፣ ይምሽ፣ ለኔ ትናንት ባሌ ሀብተሥላሴ ሲያርፍ መሽቷል፣ አሁን ደግሞ ደብሩ ሬሳውን ስጪን ይላል፣ ከመቅደሱ በስተምሥራቅ፣ ካህናቱ ከሚያርፉበት፣ ቅስና ለሌለው ሰው ተሰጥቶ የማያውቅ ክብር ነው አሉ፣ ልጄ ማዕረግም ከጅማ እንደገባ ዓይኑን ሳያብስ እማዬ ትልቅ ክብር እኮ ነው አለኝ፣ ክብሩ ለማን? ከታችኛው አጥር ሥር፣ የቤተሰባችን መቃብር ካለበት ቢቀበር አጠገቡ ለኔም ቦታ አለ፣ እላይ ግን ሴት አይቀበርም፣ ከመነኮሳይት በቀር።

ከመነኮሳይት በቀር። አሰለፈች ትቀበራለች ማለት ነው።

እማሆይ አሰለፈች። አቻዬን እርስዎ እላታለሁ፣ ቆብ ስለደፋች። ድሮ ግን አሰለፈች ብቻ ነበረች፣ ወገቧን በነጠላ አስራ የምትዘምር ጉብል፣ ሀብተሥላሴ ከበሮውን ሲመታ ከሴቶቹ መሃል ትቀበለው ነበር፣ የሁለቱ ድምፅ ሲገናኝ የሚያለቅስ ሕፃን ሳይቀር ዝም ይላል፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ በተጋባን ዓመት እየሳቀ አንቺ እልልታው ይበቃሻል ብሎኛላ፣ ለቀልድ ነው፣ እሱ በማግሥቱ ረስቶታል፣ እኔ አልረሳሁም፣ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፄን የሰማ ሰው የለም።

ዛሬ ደግሞ ሁሉም የኔ ነው ይላል። ድንኳኑ ውስጥ ሲያወሩ እሰማቸዋለሁ፣ ከማንኪራ መንደር በእግራቸው የመጡት በቋንቋቸው በካፊኖኖ ያለቅሳሉ፣ እሱ ግብርና መሥሪያ ቤት ሳለ ቡናቸውን ሊያይ ይሄድ ነበር፣ ቀፎ ሥር ቁጭ ብሎ ለንቦቹ ያዜምላቸው ነበር ይላሉ፣ ለንብ እንኳ፣ ለኔ ግን አመሻሽ ላይ ቴፑን ከፍቶ ማኅሌት እየሰማ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ላወራው ስል ቆይ ቆይ፣ ይቺን ልስማ። እዚሁ ከፋ፣ ዋጫ ከተማ ተወለደ፣ አባቱ ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ ዲቁናውን ይዞ ቦንጋ መጣ፣ እኔን አገባ፣ ልጆቹን ማባዛት እንኳ በከበሮ ምት ነው ያስተማራቸው፣ ሰፌድ ካገኘ ሰፌዴን፣ ጀሪካን ካገኘ ጀሪካኑን፣ በደርግ ጊዜ ቀበሌው ኪነት ቡድን ውስጥ አስገብቶ ስለ አብዮት ሲያዘፍነው ቤት መጥቶ ውዳሴ ማርያም እየደገመ አፉን ይጉመጠመጥ ነበር፣ ኢህአዴግ ገባና ግምገማ መጣ፣ አቶ ሀብተሥላሴ በሥራ ሰዓት ያንጎራጉራሉ የሚል ሂስ ቀረበበት፣ ተነስቶ ሂሴን ውጫለሁ አለ፣ ከስብሰባው የወጣው እያንጎራጎረ ነው፣ ይህን ሲነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ ሳቄን ይወድልኝ ነበር፣ ይህን አልክድም። ሰክሮ አልገባ፣ እጁን አላነሳብኝ፣ ጾሙን አልገደፈ፣ ልጅ በታመመ ሌሊት ሁሉ አብሮኝ ነው የነቃው፣ ክፉ ቢሆንልኝ ምናለ፣ ክፉ ባል ለብቻ ነው፣ ደግ ባል የአገር ነው።

ያቺ ሰዓት ናት ያንገበገበችኝ። ቅዳሴ ያልቃል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፣ ጎረቤቱ በልቶ ይተኛል፣ ሀብተሥላሴ የለም፣ ወጡ ይቀዘቅዛል፣ አሞቀዋለሁ፣ ይቀዘቅዛል። ይህን የጀመረው ዝማሬ ከሞተችብን በኋላ ነው፣ የመጨረሻዋ ልጃችን፣ የኢህአዴግ ወታደር ቦንጋ በገባበት ክረምት ኩፍኝ የወሰዳት፣ እና አሰለፈችስ መቼ መነኮሰች? በዚያው ዓመት። ጎጆዋንስ የት ቀለሰች? እዚያው ከደብሩ አጥር ውስጥ። እንግዲህ ምን ልበል፣ የት ቆየህ እለዋለሁ፣ እዚያው ነበርኩ ይለኛል፣ ሌላውን ሁሉ እስኪሰለቸኝ የሚያወራልኝ ሰውዬ እዚያው ነበርኩ ብሎ እጁን ይታጠባል፣ ሚሊኒየሙ መጣ፣ ሚሊኒየሙ ሄደ፣ እዚያው ነበርኩ። ኃጢአት አልጠረጠርኩም፣ እሱ እንዲያ ያለ ሰው አይደለም፣ እንዲያውም ኃጢአት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ለኃጢአት ንስሐ አለው፣ ጎጆዋ ደጃፍ ተቀምጠው አብረው ቢያዜሙስ፣ ለዚህ ምን መድኃኒት አለው፣ ማንንስ ልክሰስ? አሁን ደግሞ እላይ ጎን ለጎን ሊተኙ፣ እኔ ከአጥሩ ሥር ሆኜ እስከ ምጽአት ላዳምጣቸው። አይሆንም። ማዕረግ ቢያኮርፍ ያኩርፍ።

መጋረጃው ይገለጣል። እሷው ናት፣ ስሟን ሳነሳ መጣች፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ፍራሹ ላይ አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ዓይኗ አብጧል፣ ማን አልቅሺ አላት፣ እኔ እንኳ እንደሷ አላበጥኩም። እግዜር ያጥናሽ ትለኛለች፣ አሜን እላለሁ፣ ሰው ያያላ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ትላለች።

በዛ፣ ለካህናቱ አትስጪያቸው፣ ከዝማሬ አጠገብ አሳርፊው።

እርስዎ ምን አገባዎት ልል ነበር፣ እርስዎ በምን አወቁ ይላል አፌ።

ከጎጆዬ ይታያል፣ ትላለች፣ ቅዳሴ ባለቀ ቁጥር ወደ ታች ይወርዳል፣ ልጅቷ ዘንድ ቁጭ ይላል፣ ያዜምላታል፣ ዝናብም ቢሆን።

ዝማሬ ዘንድ። እኔ ከቀበርናት ወዲህ ወርጄ አላውቅም፣ የአጥሩ ማዕዘን ላይ ስደርስ አጥሩን ይዤ እቀመጣለሁ፣ እሱ ያውቃል፣ ስንቴ ደግፎ መልሶኛል፣ ለዚህ ነው እዚያው ነበርኩ የሚለኝ፣ ስሟን እንዳይጠራብኝ፣ የኔ ጌታ፣ እኔ ደግሞ በር በሩን እያየሁ ስቃጠል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ እፎይ ልል ይገባ ነበር፣ አላልኩም፣ ከሁሉ አስቀድሞ ውስጤ የገባው እሷ ሰምታዋለች የሚለው ነው፣ ባሌ ለልጄ ያዜመውን ይቺ ሴትዮ ጎጆዋ ሆና በየእሑዱ ስትሰማ ኖራለች፣ እኔ ወጥ ሳሞቅ።

ጋሽ ኢሳያስ፣ ብዬ እጣራለሁ። አንገቱን ያስገባል። ከታች ቆፍሩ፣ ከልጄ አጠገብ። ምነው እትዬ፣ ለደብሩ ምን እንበል፣ ይላል። ደብሩ በቁሙ ጠግቦታል በላቸው፣ በወዲያኛው ጎኑ ደግሞ ለኔ የሚሆን ቦታ ተዉ፣ ሌላ ሰው እንዳይገባበት። ያየኛል፣ እሺ ይላል፣ ሰዎቹ እያወሩ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይሰማኛል፣ አንዱ ዝናቡ ሳይመጣ ቶሎ እንበል ይላል፣ በቃ፣ ሆነ። እኔም ዛሬ ልወርድ ነው፣ ደጋፊዬ በሌለበት።

ትነሳለች ብዬ ነበር፣ አልተነሳችም። ምን እያለ ነበር የሚያዜምላት፣ እላለሁ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።

አሰለፈች በሩን ታያለች፣ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች፣ እሹሩሩ ነው በዛ፣ ግን በዕዝል፣ መሪጌታው ቢሰሙት ይቆጡት ነበር። ሕፃን የሚያባብሉበትን በቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ሀብተሥላሴ፣ ከሥርዓት ዝንፍ የማይለው ሰውዬ። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ታዜመዋለች፣ እሹሩሩ ዝማሬ፣ እናትሽ ትመጣለች ዛሬ። ዛሬ ይላታል። በየእሑዱ ዛሬ እያለ ሲዋሽላት ኖረ፣ ዋሽቶ የማያውቅ ሰው፣ ስለኔ። ድምጿ በዚህ ዕድሜ እንኳ አልሻከረም፣ የሱን አወራረድ ሳይቀር ይዛዋለች፣ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሳይቀር፣ ይብቃዎት ልላት አፌን እከፍታለሁ፣ ድገሚልኝ አሰለፈች፣ እላታለሁ።