ያልተነገረ መርዶ

አቶ ወልደ ሚካኤል በሐምሌ ፀሐይ ጥቁር ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ ለብሰው በሐይቁ ዳር ሣር ላይ ሲመጡ ዓለምሸት ከመድረክ ሆና አየቻቸውና ሳቋ መጣ። በዙሪያቸው ቁምጣ የለበሰ ሁሉ ዳሌውን ያወዛውዛል፤ እሳቸው ሰው እንዳይነካቸው ክንዳቸውን ሰብስበው በጭፈራው መካከል ይሹለከለካሉ። ቶሮንቶ ውስጥ እንደ እሳቸው፣ እንደ ዕድሩ ሊቀመንበር፣ ዘፋኝነቷን የነቀፈ የለም። ባለትዳር ሴት በዚህ ዕድሜዋ ከላቲን ባንድ ጋር መወዛወዟ ምን ይባላል እያሉ ባሏን ሙሉነህን ስንት ጊዜ ወቅሰውታል። ዛሬ ልባቸው ራርቶ ነው እንግዲህ፣ አለች በሆዷ፤ ደስም አላት።

ቀጥሎ እትዬ ጸሐይወርቅን አየች፤ ከኋላቸው ሌሎች የዕድር ሴቶች። ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘዋል። አንዳቸውም ወደ መድረኩ ቀና አላሉም። ዛፍ ሥር ከቆመው ሙሉነህ ጋር ተጠጋግተው ቆሙ፤ እሱም አንገቱን ደፋ።

ሳቋ ጠፋ። ወንድሟ ስለሺ ነው።

አባታቸው ኦጋዴን ግንባር ሲወድቅ መንግሥት ሁለቱን ልጆች ወደ ኩባ ልኮ አስተማራቸው። ማታ ማታ ስታለቅስ የዚያን አገር ዘፈን እየዘፈነ የሚያስተኛት ስለሺ ነበር። በኋላ እሱ ድሬዳዋ ገባ፣ እሷ ቶሮንቶ። እዚህ ስንት ዓመት ከወንዶች ኋላ ቆማ ስትቀበል ኖራ፣ ለዛሬው ፌስቲቫል የባንዱ መሪ ኦርላንዶ ገና አሁን አውራጅ አደረጋት። ስለሺ ሆስፒታል መግባቱን ስትሰማ ልቅር ብላ ነበር። «ከቀረሽ ግሉኮሱን ነቅዬ ነው የምመጣልሽ» አላት በስልክ፣ እያሳለ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስልኳን ነክቶ የማያውቀው ሙሉነህ፣ «እኔ ጋ ይሁን፣ አንቺ ሾውሽ ላይ ፎከስ አድርጊ» ብሎ ተቀብሏታል። አሁን ሁሉም ገባት። መርዶ በማለዳ ነው ወጉ፤ ስካርቦሮ ቤቷ ድረስ ሊመጡ ሲነሡ ሥራዋን ትጨርስ ብሎ ለምኗቸው ይሆናል። እነሱም ፌስቡክ እንዳይቀድማቸው ሰግተው፣ ልክ ከመድረክ ስትወርድ ሊቀበሏት መጡ።

የቀረው አንድ አጭር ዘፈን ነው። ወደ ኦርላንዶ ሄዳ ረጅሙ ይሁንልኝ አለችው፤ ተቀባዮቹ አንድ ስንኝ እየደጋገሙ፣ አውራጇ በመሃል ከልቧ እያመነጨች የምትገባበትን። ያ ዘፈን አውራጇ እጇን ካላነሣች አያልቅም። ኦርላንዶ ፊቷን አየና ምን ሰማሽ አላት።

«እስካሁን ምንም አልሰማሁም» አለችው።

እውነቷን ነው። እስካልነገሯት ድረስ ስለሺ አለ። ከመድረኩ በወረደች ቅጽበት ግን ይሞታል። ፈራች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም።

ከበሮው ተነሣ። በስፓኒሽ ስለ ሐይቁ ገጠመች፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኦርላንዶ ቦርጭ፤ ሕዝቡ ሳቀ። ገጠመች፣ ገጠመች፣ በመጨረሻ ስፓኒሹ አለቀባት። ተቀባዮቹ ስንኛቸውን ጨርሰው ሲጠብቋት ሳታስበው በአማርኛ ወጣ፦

«ወንድሜ ስለሺ፣ ምነው መቸኮልህ፣
ዘፈኔ ሳያልቅ ማን ነው ተነሥ ያለህ?»

ተቀባዮቹ ምንም ሳይገባቸው በስፓኒሽ ተቀበሏት። ዛፉ ሥር እትዬ ጸሐይወርቅ ደረታቸውን መቱ፤ አጠገባቸው የምትጨፍር ወጣት የጭፈራው ስልት መስሏት እሷም ደረቷን እየመታች ፈገግ አለችላቸው።

አቶ ወልደ ሚካኤል ጠዋቱን ሙሉ በልባቸው ሲያሰናዱት የነበረው ቃል ጠፋባቸው።

«ማን ነገራት?» አሉ።

«ማንም አልነገራትም» አለ ሙሉነህ።

ኦርላንዶ እጇን እያየ ይጠብቃል። ሰዓታቸው አልፏል፣ ተረኛው ባንድ ከመድረኩ ጎን ቆሟል። ዓለምሸት ማይኩን በሁለት እጆቿ ያዘችና ሌላ ግጥም ጀመረች።