ወፍራሞቹ የቆዩበት

ሌላው ሁሉ ወደ ፊት ሲሄድ ወፍራሞቹ ድምፆች አንዲት ኖታ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ከበሮው ከኮምፒውተሩ እየተወረወረ ያልፋል፤ ቀጫጭኖቹ የሴቶች ድምፆች ዳገታቸውን ወጥተው ጨርሰዋል፤ ወፍራሞቹ ሦስት ወንዶች ግን እዚያው ናቸው። አቀናባሪው እጁን አወረደ። ኳየሩ እየተንጠባጠበ ዝም አለ። ከበሮው ብቻ፣ የሚያቆመው አጥቶ፣ ለብቻው ትንሽ ዘለለ።

«የት ሄዳችሁ?»

«የትም አልሄድንም፤ እዚሁ ነን» አለ የወፍራሞቹ አለቃ። ሰውዬው ጎሚስታ ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ቢሆንም ሰውነቱ ከኳየሩ ሁሉ ስለሚቀጥን «ክሩ» ይሉታል።

ሴቶቹ ሳቁ። አቀናባሪው አልሳቀም። ከጠዋት ጀምሮ መቀመጥ አቅቶት መድረኩን ሲዞር፣ ወንበር ሲያቃና፣ ያቃናውን መልሶ ሲያጣምም ነው የዋለው። ከሰዓት በኋላ በሩ ለተመልካች ይከፈታል።

ድርሰቱ የእሱ አይደለም። ኳየሩን ያቋቋሙት መምህር ለአራት ድምፅ ጽፈውት ሳይጨርሱ ሞቱ፤ የመጨረሻው ክፍል ግማሹ ባዶ መስመር ነው። ከዚያ ወዲህ ኳየሩ እስከ ባዶው መስመር ድረስ እየዘፈነ ቀጥ ይል ነበር። መጀመሪያ ሰው እንባውን እየጠረገ ያጨበጭባል፤ እያደር የሚያጨበጭበውም እየሳሳ ሄደ። ዘንድሮ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ «ወጣቱ በሚወደው መንገድ ጨርስልኝ» ብሎ ሰጠው። ከተሳካለት ቋሚ የኳየር መሪ ይሆናል፤ ከእኅቱ ሳሎን፣ ከልጆቿ ልብስ ማስጫ ሥር ከተዘረጋው ፍራሽ የሚነሳውም ያኔ ነው። ካልተሳካለት እንደለመደው በየሰርጉ ኪቦርድ ይነካካል። ደግሞ ፈቃዱ በሟቹ ልጅ፣ በአንዲት ልብስ ሰፊ ሴትዮ እጅ ነው። ሴትዮዋ ሰምተው ሊወስኑ መጥተው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል።

ክሩ ስልኩን አወጣ። ከኳየሩ ኖታ የሚያነበው ጥቂቱ ነው፤ አቀናባሪው የየክፍሉን ዜማ ራሱ እያንጎራጎረ ይቀዳና ይልክላቸዋል፤ እነሱም እንዳለ ይሸመድዱታል። ከስልኩ የወጣው የአቀናባሪው የገዛ ድምፁ ነበር። እዚያች ኖታ ላይ ደረሰ፤ ቆየ፤ አሁንም ቆየ፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ።

«የላክኸውን ነው የያዝነው» አለ ክሩ። «ትንፋሽ እስኪያጥረን ተለማምደነዋል። ሚስቴማ ‹ጎማ መንፋቱን እቤት አመጣኸው እንዴ› ብላኛለች።»

አቀናባሪው አስታወሰ። የእኅቱ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ኮትና ብርድ ልብስ መሃል ቆሞ ሲቀዳ፣ ግድግዳው ማዶ የተኛው ሕፃን ተገላበጠ። ነቅቶ ይሆን ብሎ፣ ድምፁን ሳያቋርጥ፣ ጆሮውን ወደዚያ ጣለ። ሕፃኑን መልሶ እንቅልፍ ወሰደው፤ እሱም ቀጠለ። በኋላ እቆርጠዋለሁ ብሎ ረሳው።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፎቹን እያንሿሿ መጣና በአስቸኳይ እንዲታረም አዘዘ፤ የዛሬ ልጅ ከበሮው አንዴ ከላላበት ስልኩን ነው የሚያወጣው አለ። ለወፍራሞቹ አጭሩ ተነገራቸው። እንደገና ተዘፈነ፤ ሳይደናቀፍ አለቀ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። አቀናባሪው ግን መጨረሻው አልጣመውም፤ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ሆነበት።

ልብስ ሰፊዋ በእጃቸው ጠሩት። ወርዶ አጠገባቸው ቆመ።

«የቅድሙ የት ሄደ?»

«የቱ እትዬ?»

«ወፍራሞቹ የቆዩበት።»

«ስህተት ነበር። አርመነዋል።»

ሴትዮዋ የቦርሳቸውን ዚፕ ከፈት ዘጋ አደረጉት። «አባቴ እንዳልጻፈው አውቃለሁ። አባቴ ችኩል ነበር፤ ሲበላም፣ ሲቆጣም። አንተም ከእሱ ብትብስ እንጂ አትሻልም፤ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቦታ አልቆምክም። ታዲያ ያን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ» ሊል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያውቅበታል?

«ማንም አልጻፈውም» አለ። «ስቀዳ፣ የእኅቴ ልጅ ነቃ አልነቃ እያልኩ ሳዳምጥ የቆየሁት ነው።»

አልሳቁበትም። «ሰው የሚጠብቅ ድምፅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እውነትም ነው» አሉ። «በል ስማኝ ልጄ፤ ፈቃዴን ለሁለቱም፣ ለቆዩበትም ለታረመውም ሰጥቻለሁ። አባቴ እንደሆነ ተነሥቶ አይቆጣህም። ሕዝብ ፊት የምትቆመው አንተ ነህ፤ እኔን ምርኩዝ አታድርገኝ።»

ተቆጥተው ከልክለውት ቢሆን ይሻለው ነበር። ደረጃውን ወጣ፤ መልሶ ወረደ፤ ሳያልበው አላበኝ ብሎ የሸሚዙን ኮሌታ ፈታ። ሥራ አስኪያጁ ክንዱን ያዘው።

«ምን አሉ?»

«ፈቅደዋል።»

«ተገላገልን። እንዳሁኑ ነው የምናስኬደው፣ አንዲት ነገር እንዳትነካ። ሰኞ ቢሮ ና፤ የቅጥሩን ነገር እንጨርሳለን።» ትከሻውን ቸብ አድርጎ፣ ውጭ የተሰለፈውን ሰው ሊያስገባ ሄደ።

አቀናባሪው ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመ። ከበሮው ከተነሣ አይጠብቅም፤ የሰው ትንፋሽ አያውቅም። ወፍራሞቹ ከቆዩ ጥሏቸው ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ ደግሞ እነሱ መቆየት አይችሉም። መሃል መንገድ የለም።

«ክሩ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «መጀመሪያ በላክሁላችሁ ሂዱ።»

ክሩ ወደ በሩ አየ፤ ወደ እሱ አየ። «እስከ መቼ ነው የምንቆየው?»

«እኔም አላውቅም። እጄን እያያችሁ ጠብቁ።»

«እጅህ እንደሆነ አንድ ቦታ አይቆምም።»

«ቢሆንም እሱን እዩ።»

የአዳራሹ በር ተከፈተ፤ የተመልካቹ ጫጫታ ቀድሞ ገባ። አቀናባሪው ጎንበስ ብሎ ኮምፒውተሩን ከድምፅ ማጉያው የሚያገናኘውን ገመድ ነቀለ፤ ማንም መልሶ እንዳይሰካው ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።